የድንገተኛ አደጋ ሬዲዮ ምስጠራ እና የስካነር አድማጮች

የድንገተኛ አደጋ ሬዲዮ ምስጠራ፣ ፖሊሶች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና አምቡላንሶች በሬዲዮ የሚነጋገሩትን የምስጢር ቁልፉ (የተደበላለቀውን ንግግር የሚፈታው ቁጥር) ከተጫነበት መሣሪያ በቀር ማንም እንዳይሰማው የማድረግ አሠራር ነው። ስካነር ደግሞ በርካታ ሞገዶችን በየተራ እየፈተሸ ንግግር ባገኘበት ላይ የሚቆም መቀበያ ነው፤ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ጉዳዩ በብዙ አገሮች ያለ ቢሆንም ክርክሩ የጦፈው በአሜሪካ ስለሆነ፣ እዚህም ሰፊውን ቦታ የያዘችው እርሷ ናት። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፖሊስ ሬዲዮ ሲፈጠር ለሁሉም ጆሮ ክፍት ነበር። በ1928 የዲትሮይት ፖሊስ ለመኪኖቹ መልእክት ማሰራጨት ሲጀምር፣ መኪናው ውስጥ ያለው ፖሊስ መስማት እንጂ መመለስ አይችልም ነበር። ሁለቱ ወገኖች የሚነጋገሩበት ሬዲዮ በ1933 በኒው ጀርሲዋ ቤዮን ከተማ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ዘመን ከፖሊስ ሞገዶች ብዙዎቹ ከመካከለኛው ሞገድ ጫፍ ቀጥለው ይገኙ ስለነበር፣ የሳሎን ሬዲዮ መርፌ እስከ ዳር ሲገፋ ጥሪው ይሰማ ነበር። ዊጂ በሚል ስም የሚታወቀው የኒው ዮርክ ፎቶግራፍ አንሺ አርተር ፌሊግ በ1938 የፖሊስ ሬዲዮ በመኪናው እንዲይዝ ተፈቅዶለት፣ የወንጀል ሥፍራ ላይ ቀድሞ በመድረስ ስሙን ገነባ። እንግዲህ ማዳመጥ ከጅምሩ የሌባ ሥራ አልነበረም።

ቀደምት ስካነሮች ለእያንዳንዱ ሞገድ አንድ ክሪስታል፣ ማለትም ሞገዱን የሚወስን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ይፈልጉ ነበር፤ አዲስ ጣቢያ መስማት የፈለገ አዲስ ክሪስታል ይገዛል። በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሞገዱን በቁልፍ ሰሌዳ መሙላት የሚቻልባቸው ስካነሮች መጡ። ቀጥሎ ትራንኪንግ ተስፋፋ። በዚህ አሠራር ንግግሩ በአንድ ሞገድ አይቆይም፤ ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ የንግግር ቡድን (እርስ በርስ የሚነጋገሩ ሬዲዮዎች ስብስብ) በወቅቱ ነፃ የሆነውን ሞገድ ያድላል። የስካነር አምራቾችም በ1990ዎቹ ቡድኑን ከሞገድ ወደ ሞገድ ተከትሎ የሚሄድ መሣሪያ አወጡ። ፕሮጀክት 25 የተባለው የድንገተኛ አደጋ ሬዲዮ ዲጂታል መስፈርት ሲመጣም እንዲሁ ተከተሉት። አድማጩ እያንዳንዱን አጥር በገንዘቡና በትዕግሥቱ ተሻግሮታል፤ ያልተሻገረው ምስጠራን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር አለ። ዲጂታል ሬዲዮ ማለት የተመሰጠረ ሬዲዮ ማለት አይደለም። በዲጂታል ሬዲዮ ድምፅ ወደ አሃዝ ይለወጣል፤ መስፈርቱን የሚያውቅ ስካነር መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። በምስጠራ ግን አሃዞቹ ከመላካቸው በፊት በምስጢር ቁልፍ ይደበላለቃሉ። ዛሬ በስፋት የሚመረጠው ኤ.ኢ.ኤስ. የተባለው ዘዴ ሲሆን ቁልፉ 256 ቢት (ቢት የቁልፉ ርዝመት መለኪያ ነው፤ ሲበዛ ቁልፉን መገመት ይከብዳል) ነው፤ ቀደም ሲል የነበረው ዲ.ኢ.ኤስ. 56 ቢት ብቻ ነበር። ቁልፉ በልዩ መጫኛ መሣሪያ በገመድ ወይም በራሱ በሬዲዮው ሞገድ አማካይነት ይገባል። ቁልፉ የተሳሳተበት ሬዲዮ፣ ለእርዳታ የመጣ የጎረቤት ከተማ መኪና ቢሆን እንኳ፣ ምንም አይሰማም።

ምስጠራ መኖሩ ብቻ ምስጢር መጠበቁን አያረጋግጥም። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት፣ የፌዴራል መርማሪዎች የተመሰጠረ እየመሰላቸው በግልጽ ሞገድ ሲነጋገሩ በተደጋጋሚ አድምጠዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ተራ ነገር ነው፦ የምስጠራ ማብሪያው ትንሽና በቀላሉ የማይስተዋል ነበር።

በአውሮፓ የተስፋፋው ቴትራ የተባለው የዲጂታል ሬዲዮ መስፈርት ነው። በብሪታንያ የፖሊስ ኃይሎች በ2005 ወደዚሁ ተሻግረው ጨርሰዋል፤ ያለ ፈቃድ ማዳመጥም በሕግ የተከለከለ ነው። በ2023 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ከቴትራ ምስጠራዎች አንዱ፣ 80 ቢት የተባለው ቁልፉ በተግባር ወደ 32 ቢት እንደሚወርድ አሳይተዋል። ሆኖም የአውሮፓ ፖሊሶች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ሌላ ዓይነት ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ1986 ጀምሮ ያልተመሰጠረ የፖሊስና የእሳት አደጋ ንግግር ማዳመጥን ይፈቅዳል፤ የተመሰጠረውን ፈትቶ መስማት ግን ወንጀል ነው። ኒው ዮርክን የመሳሰሉ ጥቂት ግዛቶች ስካነርን በመኪና ይዞ መንቀሳቀስን ይገድባሉ።

በ2013 ከቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በኋላ በተደረገው አሰሳ የፖሊስ ንግግር በኢንተርኔት ተሰራጭቶ ነበር፤ የከተማዋ ፖሊስም የሚፈተሹትን ቤቶች ቦታ ሕዝቡ እንዳያሰራጭ ለመለመን ተገደደ። ፖሊሶች ይህን የመሰሉ አጋጣሚዎችን ይጠቅሳሉ፤ ወንጀለኞች ያዳምጡናል የሚለውም አልፎ አልፎ እውነት ሊሆን ይችላል። የኮሎራዶዋ ዴንቨር በ2019 ሬዲዮዋን በምስጠራ ስትዘጋ ከመገናኛ ብዙኃን ጋር ተወዛገበች፤ የግዛቱ ምክር ቤትም በ2021 ሁሉን የሚመሰጥሩ መሥሪያ ቤቶች ለጋዜጠኞች መዳረሻ መመሪያ እንዲያወጡ ደነገገ። የካሊፎርኒያ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በ2020 የግለሰቦች ስምና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር በግልጽ ሞገድ እንዳይተላለፍ አሳሰበ። ማሳሰቢያው ምስጠራን እንደ ብቸኛ መንገድ አላስቀመጠም፤ የአነጋገር ደንብ ማውጣትም በቂ ነበር። ብዙዎች ግን አጋጣሚውን ይዘው ዘጉ። የካሊፎርኒያዋ ፓሎ አልቶ ከተማ በ2021 ዘግታ በ2022 መልሳ ከፈተች፤ ይህም መክፈት እንደሚቻል በተግባር አሳይቷል። ቺካጎ በ2022 ንግግሩን ለሕዝብ በ30 ደቂቃ አዘግይታ መልቀቅ ጀመረች፤ ለታሪክ ሰነድነት ካልሆነ ለዜና የሚረባ አይደለም። የኒው ዮርክ ፖሊስም በ2023 ከብሩክሊን ጀምሮ መመስጠር ጀመረ።

ለአድማጩ የቀረው ዝምታ ብቻ አይደለም። ብዙ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች፣ ከጎረቤት ረዳቶቻቸው ጋር መነጋገር ስላለባቸው፣ ዋናውን ቻናል ክፍት ትተውታል፤ አውሮፕላኖችና ባቡሮችም ይሰማሉ። የተመሰጠረው ቡድን መነጋገር ሲጀምር ደግሞ የስካነሩ መስኮት የቡድኑን ቁጥር፣ የተናጋሪውን ሬዲዮ መለያና የምስጠራ ምልክት ያሳያል፤ ድምፅ ማጉያው ጸጥ ይላል። ልምድ ያለው አድማጭ እኩለ ሌሊት ላይ በአንድ ቡድን ውስጥ የመለያ ቁጥሮች በየሰከንዱ ሲፈራረቁ ካየ አንድ ከባድ ነገር እንደተከሰተ ይገባዋል። መንገዱንና የቤቱን ቁጥር ግን ከጠዋቱ ዜና ይጠብቃል።