ፋይሉ እያለ ነል የሚመጣው ለምንድን ነው? የጃቫ ቴስት ሪሶርስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቴስቱ የሚያነበው ፋይል (ሪሶርስ የሚባለው) ኤስአርሲ/ቴስት/ሪሶርስስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይታያል፤ ኮዱ ሲጠይቀው ግን መልሱ ነል፣ ማለትም «ምንም የለም» ነው። ወዲያው የሚሰማውም አንድ ነው፦ «ክላስ ሎደሩ ተበላሽቷል»። አልተበላሸም። ክላስ ሎደር፣ ማለትም ክላሶችንና ፋይሎችን ፈልጎ ለፕሮግራሙ የሚያቀርበው የጃቫ ክፍል፣ የፕሮጀክታችሁን ፎልደር አያውቅም። የሚያውቀው ክላስ ፓዝ (ጃቫ የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ላይ የተደረደሩትን ፎልደሮችና ጃር ፋይሎች (የታሸጉ የጃቫ ጥቅሎች) ብቻ ነው። እነሱን በተራ እየከፈተ በስም ይፈልጋል፤ ካጣ ነል ይመልሳል።

«በክላስ ጠየቅሁ በክላስ ሎደር ጠየቅሁ፣ ያው ነው»

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይህች ናት። ጌትሪሶርስ የሚባለው ሜተድ በክላስም በክላስ ሎደርም ላይ አለ፤ ፋይሉን በስትሪም፣ ማለትም በሚፈስ ባይት መልክ የሚሰጠው ጌትሪሶርስአዝስትሪምም እንዲሁ። ስማቸው ስለተመሳሰለ ሥራቸውም የተመሳሰለ ይመስላል።

የክላሱ ሜተድ የተሰጠው ስም በስላሽ ካልጀመረ የክላሱን ፓኬጅ ከፊቱ ይቀጥልበታል። ደረሰኝቴስት የተባለው ክላስ ኮም.ሱቅ.ክፍያ ፓኬጅ ውስጥ ቢሆንና «ናሙና.ጄሰን» ብትሉት፣ የሚፈልገው «ኮም/ሱቅ/ክፍያ/ናሙና.ጄሰን»ን ነው። «/ናሙና.ጄሰን» ካላችሁት ደግሞ ስላሹን ገፎ ከክላስ ፓዙ ሥር ይጀምራል። የክላስ ሎደሩ ሜተድ ፓኬጅ የሚባል ነገር የለውም፤ ስሙን እንዳለ ወስዶ ሁልጊዜ ከሥር ይፈልጋል። ስለዚህ ከፊት ስላሽ አይፈልግም። ከጨመራችሁበት በተለመዱት ሎደሮች ሁሉ የምታገኙት ነል ነው።

ይህን ሳያጣሩ ስላሽ እየጨመሩና እየቀነሱ ቴስቱ አረንጓዴ እስኪሆን መሞከር በጨለማ መዳበስ ነው። ዛሬ በዕድል ያለፈው፣ ክላሱ ወደ ሌላ ፓኬጅ የተዛወረ ዕለት ይሰበራል፤ ፋይሉ አብሮት አልተዛወረማ።

ጌትክላስ() የሚለው ጥሪም የራሱ ወጥመድ አለው። የጋራ አባት በሆነ የቴስት ክላስ ውስጥ ከጻፋችሁት የሚመልሰው አባቱን ሳይሆን እየሮጠ ያለውን ልጅ ክላስ ነው። ልጁ ሌላ ፓኬጅ ውስጥ ከሆነ ፍለጋውም ወደዚያ ይሄዳል። የአባቱን ክላስ በስም ጥሩት፤ «መነሻቴስት.ክላስ» በሉና ነገሩ ይለቅ።

ነሉ ደግሞ እዚያው መስመር ላይ አይጮህም። ጌትሪሶርስ ኤክሴፕሽን (የስህተት ጩኸት) አይወረውርም፤ ጩኸቱ የሚሰማው ሦስት መስመር ወርዶ፣ ስትሪሙ ለጄሰን ላይብረሪው ሲሰጥ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ከዚያ ሰው ጄሰን ላይብረሪውን ሲመረምር ይውላል። ጥሪውን በኦብጀክትስ.ሪኳየርኖንነል ጠቅልሉትና የፋይሉን ስም በመልእክቱ ውስጥ ጻፉት፤ ቴስቱ ሲወድቅ ምን እንደጠፋ ራሱ ይናገራል።

«ፎልደሩ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ እኮ»

የሚነበበው እዚያ ያስቀመጣችሁት ሳይሆን ግልባጩ ነው። ፕሮጀክቱን ከሚገነቡት መሣሪያዎች ሜቨን ወደ ታርጌት/ቴስት-ክላስስ፣ ግሬድል ወደ ቢልድ/ሪሶርስስ/ቴስት ይገለብጠዋል። ኮድ ከመነካካታችሁ በፊት ያንን ፎልደር ከፍታችሁ እዩ። ፋይሉ እዚያ ከሌለ የትኛውም የክላስ ሎደር ጥበብ አያመጣውም። ከጃቫ ፋይሉ ጎን ኤስአርሲ/ቴስት/ጃቫ ውስጥ ያኖራችሁት ከሆነ፣ ካላዘዛችኋቸው በቀር ሁለቱም አይገለብጡትም። ሌላው ተንኮል የፎልደር ስም ነው፦ «ኮም.ሱቅ.ክፍያ» ተብሎ በነጥብ የተሰየመ አንድ ፎልደርና ተደራራቢ የሆኑት ሦስቱ ፎልደሮች በኮድ መጻፊያው በኢንተሊጄ የፎልደር ዛፍ ላይ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ለክላስ ሎደሩ ግን የሚያገናኛቸው የለም።

«እኔ ጋ ይሠራል፤ ችግሩ ሰርቨሩ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የላቲን ፊደሉ ትልቅና ትንሽ መሆን ነው። ዊንዶውስና ማክ እንደተለመደው ከተዋቀሩ በፋይል ስም ላይ ሁለቱን አይለዩም፤ ሊኑክስ ይለያል። ጃር ውስጥ ከገባ ደግሞ በየትኛውም ማሽን ይለያል።

«ወደ ፋይል ቀይሬ ባነበውስ?»

ጌትሪሶርስ በሚሰጣችሁ ዩአርኤል (የሪሶርሱ አድራሻ) ላይ ያለው ጌትፋይል የሚመልሰው የዩአርኤሉን ጽሑፍ እንጂ የዲስኩን አድራሻ አይደለም። በመንገዱ ላይ ባዶ ቦታ ያለው ፎልደር ካለ ባዶ ቦታው %20 ሆኖ ይመጣል፤ እንዲህ የሚባል ፎልደር ደግሞ የለም። በቱዩአርአይ በኩል ወደ ፓዝ መቀየር ይህን ይፈታል፤ ሆኖም ሪሶርሱ ጃር ውስጥ የገባ ቀን ፋይልሲስተምኖትፋውንድኤክሴፕሽን ይመጣል። በስትሪም አንብቡ። ላይብረሪው የግድ ፋይል ካለ በጄዩኒት 5 ቴምፕዲር ጊዜያዊ ፎልደር ተቀበሉና ስትሪሙን በፋይልስ.ኮፒ ወደዚያ ገልብጡ።

የቀሩትን በአጭሩ። ቴስት ውስጥ ያለው የስፕሪንግ ቡት ማዋቀሪያ ፋይል አፕሊኬሽን.ፕሮፐርቲስ ከዋናው ጋር አይደመርም፤ የቴስቱ ፎልደር ክላስ ፓዙ ላይ ስለሚቀድም ተመሳሳይ ስም ያለውን የዋናውን ፋይል ሙሉ በሙሉ ይጋርደዋል፣ የጎደለው ቁልፍም ጎድሎ ይቀራል። የጎረቤት ሞጁል የቴስት ሪሶርስ በተራ ዲፔንደንሲ አይታይም፤ በሜቨን ቴስት-ጃር፣ በግሬድል ጃቫ-ቴስት-ፊክስቸርስ ያስፈልጋል። ሲስተም ክላስ ሎደሩን ወደ ዩአርኤልክላስሎደር ካስት አድርጎ ክላስ ፓዙን ማተም ከጃቫ 9 ጀምሮ ክላስካስትኤክሴፕሽን ነው። «የትሬዱ (የሚሮጠው የሥራ ክር) ኮንቴክስት ክላስ ሎደር ሁልጊዜ ይሻላል» የሚሉም አሉ፤ በተራ ዩኒት ቴስት የራሳችሁ ክላስ ይበቃል፤ ያኛው ትሬዱን ማን እንደፈጠረውና ማን እንደነካው ይለዋወጣል። የሜቨን ፊልተሪንግ (በፋይሉ ውስጥ ያሉ ቦታ መያዣዎችን በእሴት መተካት) ካበራችሁ ደግሞ ፒዲኤፍና ኤክሴል የመሰሉ ፋይሎች ሲገለበጡ ይበላሻሉ፤ ኖንፊልተርድፋይልኤክስቴንሽንስ ውስጥ አስገቧቸው።

በመጨረሻ ክላስ ሎደሩ ላይ በከንቱ የሚለጠፈው የአማርኛ ጽሑፍ ነገር። ክላስ ሎደር ባይት ያቀብላል እንጂ ፊደል አያውቅም። ከጃቫ 18 በፊት ባይቱን ወደ ፊደል የሚቀይረው ኢንፑትስትሪምሪደር ኢንኮዲንጉ (የመቀየሪያው ሥርዓት) ካልተነገረው የማሽኑን ይወስድ ነበር፤ ዊንዶውስ ላይ ያ ብዙውን ጊዜ ዩቲኤፍ-8 አልነበረም። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚይዝ፣ «አበበች» 4 መሆኑ ቀርቶ ርዝመቱ 12 ነው ብሎ ቴስቱ ከወደቀ ፋይሉ በደህና ተገኝቷል ማለት ነው፤ የጎደለው ስታንዳርድቻርሴትስ.ዩቲኤፍ_8 ነው።