ጌሾ አያሰክርም፣ እንዶድ አይጠጣም

በባሕር ዳር ገበያ ጌሾ፣ የደረቀ የኮሶ አበባና የእንዶድ ፍሬ ይሸጣሉ። ገዢው ስማቸውን አይስትም። የሚስተው የቱ ክፍላቸው ምን እንደሚሠራ ነው።

«ጠላና ጠጅ የሚያሰክሩት በጌሾው ነው»

አይደለም። ጌሾ ያልነካው ብርዝ ሞቅ ካለ ቤት ጥቂት ቀን ቢሰነብት ይፈላል፤ ሲቆይም ያሰክራል። አልኮሉን የሚሠራው ስኳር የሚበላው እርሾ ነው። ስኳሩ ለጠጅ ከማሩ ይመጣል፤ ለጠላ ደግሞ ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። የጌሾ ድርሻ መራራ ጣዕም መስጠትና መጠጡን የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችን መግታት ነው። ስለዚህ «ይበርታ» ብሎ ጌሾ የሚደርብ ሰው የሚያገኘው ምሬት ብቻ ነው። ብርታት የፈለገ ማሩን ወይም እህልና ብቅሉን ይጨምር።

ክፍሉም ይለያያል። ለጠላ ቅጠሉ ተወቅጦ ከጥንስሱ ይገባል፤ ለጠጅ እንጨቱ ይመረጣል። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ ጌሾው ገብቶበት በጊዜው ካልወጣ፣ ምሬቱ ማሩን ይውጠዋል። ጋኑ በግራዋ ታሽቶ በወይራ የሚታጠነው ለመዓዛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ካለፈው ጠላ የቀረ ዝቃጭ አዲሱን ድፍድፍ ያኮመጥጠዋል። ብዙዎች «ጌሾው አርጅቶ ነው» የሚሉት ብልሽት የጋን አለመታጠብ ነው።

«ብርብራ ዓሣን ያሰክራል እንጂ አይገድልም»

የብርብራ ዛፍ የደረቀ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው እየተንገዳገደ ወደ ላይ ስለሚወጣ ስካር ይመስላል። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ መርዝ ግን የዓሣው ሰውነት ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግዳል፤ መታፈን ነው። አጥማጁ ትልልቁን ለቅሞ ይሄዳል፣ ጫጩቱ እዚያው ሞቶ ይቀራል። በጣና የሚብሰው ክረምት ላይ ነው፤ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ የተበተነ ብርብራ እንቁላል ያዘለችውን ይጨርሳታል። ዛፉስ ምን በወጣው፤ ለቡና ደግ ጥላ ነው።

«እንዶድ ቢጠጡት ቢልሃርዝያ ያድናል»

ነገሩ ከእውነት ተጣሞ የመጣ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ያስተዋሉት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን ነው። እንዶድ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ውሃ ውስጥ ይገድላል። ሰው ሆድ ገብቶ ግን ሰውየውን ይመርዛል። በጣና ዳር ቢልሃርዝያ ለያዘው መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ነው። ለልብስ ከሆነ ፍሬው ሳይበስል፣ አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ዱቄቱ በውሃ ሲመታ እንደ ሳሙና ይኩረፈረፋል። እጣቢው ዓሣም ስለሚገድል ሐይቁ ውስጥ አይደፋ።

«ኮሶ በበዛ ቁጥር የኮሶ ትሉን ከሥሩ ይነቅላል»

ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ ኮሶ ዳርቻው ላይ አይበቅልም፤ እንደ ጉናና ጮቄ ባሉ ተራሮች የሚበቅል የደጋ ዛፍ ነው። ወንዱና ሴቴው ዛፍ ለየብቻ ሲሆኑ ለመድኃኒት የሚለቀመው የሴቴዋ ቀላ ያለ አበባ ነው። አበባው ሲቆይ ኃይሉ ስለሚቀንስ የዘንድሮውና የአምናው ስኒ እኩል አይደለም፤ በግምት መጨመር አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሲበዛ ያስመልሳል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ጨርሶ አይነካካቸው።

የጥንት ሰው ጥሬ ሥጋ እየበላ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ የነበረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ትሉ ተበጥሶ ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ከቀረ በሁለት ሦስት ወር እንደገና ያድጋል። ጭንቅላቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ ክንድ ሙሉ ትል ወጣ ማለት ትሉ አለቀ ማለት አይደለም።