«ቪቫስ ኢን ዴኦ»፦ በቀለበት ላይ የተቀረጸ ምርቃት ትርጉሙና አመጣጡ

«ቪቫስ ኢን ዴኦ» ሦስት ቃላት ብቻ ያሉት የላቲን አባባል ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው መቶ ዘመን በሮም ግዛት ይኖሩ የነበሩ ክርስቲያኖች በጣታቸው ቀለበት፣ በብር ማንኪያቸውና በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ያስቀርጹት ነበር። «ቪቫስ» መኖርን፣ «ኢን» «በ» የሚለውን መነሻ፣ «ዴኦ» ደግሞ እግዚአብሔርን ያመለክታል። ቃል በቃል ቢተረጎም «በእግዚአብሔር ኑር» ይሆናል፤ ነገር ግን አባባሉን በዚህ ብቻ ተርጉሞ ማለፍ ዋናውን ነገር ማስቀረት ነው።

በመጀመሪያ «ቪቫስ» ትእዛዝ አይደለም። በላቲን «ኑር» ብሎ ለማዘዝ «ቪቬ» የሚል ሌላ ቃል አለ። «ቪቫስ» የምኞት አነጋገር ሲሆን፣ እኛ «ዕድሜ ይስጥህ»፣ «ያኑርሽ» ብለን ስንመርቅ ከምንጠቀምበት አነጋገር ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በአማርኛው ምርቃት አድራጊው እግዚአብሔር ነው፤ ሰጪውም አኗሪውም እርሱ ነው። በላቲኑ የሚኖረው ተመራቂው ራሱ ሲሆን፣ እግዚአብሔር የሕይወቱ መኖሪያ ሆኖ ተቀምጧል። ይህ አነጋገር ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና «በእርሱ ሕያዋን ነን» ሲል ከተናገረው፣ በመልእክቶቹም «በክርስቶስ» እያለ ደጋግሞ ከጻፈው ጋር አንድ ነው።

ወደ አማርኛ ሲመለስ ሌላም ችግር ይገጥማል። «በእግዚአብሔር» የሚለው ቃል በእኛ አንደበት ከመማጸኛነትና ከመሐላነት አይለይም፤ «በእግዚአብሔር ተው!»፣ «በእግዚአብሔር እውነቴን ነው!» እንላለን። ስለዚህ «በእግዚአብሔር ኑር» የሚለውን የሰማ ሰው ልመና ሊመስለው ይችላል። «በእግዚአብሔር ሕያው ሁን» ማለት ከአሳቡ ይበልጥ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። ይህም ቢሆን ሙሉ አይደለም፤ «ቪቫስ» ወንድና ሴት ሳይለይ ለሁለቱም የሚሆን ሲሆን፣ አማርኛ ግን «ሁን» ወይም «ሁኚ» ብሎ መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

አባባሉ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የተነሣ አይደለም፤ ከማዕድ ነው የመጣው። ሮማውያን ጽዋ ሲያነሡ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው «ቪቫስ» ይሉ ነበር። በሚላኖ ከተማ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም በሚገኘው፣ ትሪቩልዚዮ ተብሎ በሚጠራው የአራተኛው መቶ ዘመን የመስታወት ጽዋ ከንፈር ዙሪያ «ቢቤ ቪቫስ ሙልቲስ አኒስ» ተብሎ ተጽፏል፤ «ጠጣ፤ ለብዙ ዓመት ኑር» ማለት ነው። በግሪክኛ ይኸው ምርቃት «ፒኤ ዜሴስ» ሲሆን፣ በሮም ከተማ በላቲን ፊደል እየተጻፈ በብዙ ጽዋዎች ግርጌ ላይ ይገኛል። በጌጣጌጥም ላይ እንዲሁ ስም ከ«ቪቫስ» ጋር እየተቀረጸ ለወዳጅ ይሰጥ ነበር፤ ይህን የሚያደርገው ክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ሰው ነበር። «ኡቴሬ ፌሊክስ»፣ ማለትም «በደስታ ተጠቀምበት»፣ የሚለውም የዚሁ ዘር ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሆክስን በተባለ መንደር ከመሬት በወጣው ታላቅ የወርቅና የብር ክምችት ውስጥ ያለ አንድ የወርቅ አምባር «እመቤት ዩሊያና፣ በደስታ ተጠቀሚበት» ይላል። ጌጡ ባለቤቱን በስም ጠርቶ ያናግራል ማለት ነው። ክርስቲያኖች ለዚህ የቆየ ምርቃት የጨመሩት ሁለት ቃላት ብቻ ነው፤ «ኢን ዴኦ»። ሰው ሁሉ አፉን የፈታበትን ምርቃት እንዳለ ወስደው፣ ዕድሜን ከመመኘት ወደማያልፍ ሕይወት አሻገሩት።

ምርቃቱ በተለይ በቀለበት ላይ የመጻፉ ነገር ያለ ምክንያት አልነበረም። ለሮማዊ ሰው ቀለበት ከጌጥነት ያለፈ ዕቃ ነበር። ደብዳቤው፣ ውሉ፣ ኑዛዜውና የጎተራው በር የሚታሸጉት በቀለበቱ ማኅተም ነውና፣ ቀለበቱ እንደ እጅ ፊርማው ነበር። በጥንቱ ሥርዓት የወርቅ ቀለበት የሹማምንትና የመሳፍንት መለያ ሲሆን ተራው ሰው ብረት ያደርግ ነበር፤ ይህ ክልከላ እየላላ ሄዶ በንጉሠ ነገሥቱ በሴፕቲሞስ ሴቬሮስ ዘመን ወታደሮችም ወርቅ እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው። እንግዲህ አንድ ሰው ክርስቲያን ሲሆን «በማኅተሜ ላይ የማንን ምስል ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ሆነበት፤ በገበያ የሚሸጡት ቀለበቶች የጣዖታት ምስል የሞላባቸው ነበሩና።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው፣ በሁለተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያስተምር የነበረው የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ነው። ክርስቲያን ለማኅተም የሚሆን ቀለበት ቢያደርግ፣ ምልክቱ ርግብ ወይም ዓሣ ወይም በነፋስ የምትሄድ መርከብ ወይም በገና ወይም መልሕቅ ይሁን ብሎ ጽፏል፤ ዓሣ አጥማጅ የተቀረጸበትም ሰው ሐዋርያውንና ከውኃ የሚወጡትን ሕፃናት ያስታውሳል ይላል። የጣዖት ፊትን ከልክሏል፤ ሰላምን ለሚከተሉ ሰይፍንና ቀስትን፣ በመጠን ለሚኖሩ ደግሞ ጽዋን ከልክሏል። ቀሌምንጦስ አዲስ ምልክት ፈልስፉ አላለም። የዘረዘራቸው ሁሉ በየአንጥረኛው ሱቅ የነበሩ ናቸው፤ መልሕቅ የነገሥታት ማኅተም ነበር፣ በገናም የሙዚቃ ወዳጆች ምርጫ ነበር። ያስተማረው የነበረውን በሌላ ዓይን ማየትን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዓሣው የተለየ ምሥጢር ነበረው። «ኢክቱስ» የሚለው የግሪክኛ ቃል ዓሣ ማለት ሲሆን፣ አምስቱ ፊደላት «ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ መድኃኒት» የሚለው ሐረግ በግሪክኛ ሲጻፍ የእያንዳንዱ ቃል መነሻ ፊደል ናቸው።

በዚህ ረገድ በ2021 መጨረሻ በእስራኤል የባሕር ዳርቻ በቂሳርያ አጠገብ ከሰመጠ መርከብ ወጥቶ ለሕዝብ የተገለጸውን ግኝት ማስታወስ ተገቢ ነው። ስምንት ማዕዘን ያለው የሦስተኛው መቶ ዘመን የወርቅ ቀለበት ሲሆን፣ በአረንጓዴ ፈርጡ ላይ አጭር ቀሚስ የለበሰ፣ በግ በትከሻው የተሸከመ ወጣት እረኛ ተቀርጿል። በዚያው ስፍራ በገና የተቀረጸበት ቀይ ፈርጥም ተገኝቷል። ቂሳርያ ቅዱስ ጴጥሮስ መቶ አለቃውን ቆርኔሌዎስን ያጠመቀባት ከተማ ናት። በግ የተሸከመ እረኛ ለአረማዊው ሮማዊ የደግነት ምስል ነበር፤ ለክርስቲያኑ ግን መልካሙ እረኛ ነው። ቀለበቱ ራሱ አይናገርም፤ የሚናገረው ያደረገው ሰው ነው። ጽሑፍ ያስፈለገውም ለዚህ ይመስለኛል፤ «ኢን ዴኦ» ሲጨመርበት ጌጡ ራሱ አፍ አውጥቶ ይናገራልና።

የክርስትና ምልክት በግልጽ የወጣው ከ312 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ቆስጠንጢኖስ በሚልቪያ ድልድይ ጦርነት ካሸነፈ ወዲህ፣ «ክርስቶስ» የሚለው የግሪክኛ ስም ሁለት መነሻ ፊደላት፣ «ኪ» እና «ሮ»፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው በገንዘብ፣ በራስ ቁር፣ በቀለበት ሁሉ ላይ መታየት ጀመሩ። አጻጻፉ ሁለት የተጋደሙ መስመሮችን መካከል ለመካከል የሚሰነጥቅ፣ ራሱ የተጠማዘዘ ዘንግ ይመስላል። በደቡብ እንግሊዝ ፋይፍሄድ ኔቪል በተባለ ስፍራ፣ በአንድ የሮማውያን ርስት ቤት ፍርስራሽ ውስጥ ይህ ምልክት ያለባቸው ሁለት የብር ቀለበቶች ተገኝተዋል።

«ቪቫስ ኢን ዴኦ»ን በቅርብ ለማየት ግን ከሁሉ የሚሻለው፣ ዘ ቫይን በተባለው የእንግሊዝ የጥንት መኖሪያ ቤት የሚታየው የወርቅ ቀለበት ነው። በ1785 ሲልቼስተር በምትባለው የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ አጠገብ በእርሻ መሬት ተገኘ። ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 12 ግራም ሲሆን፣ ለአውራ ጣት ወይም ጓንት ላጠለቀ እጅ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ትልቅ ነው። በግንባሩ ሮማውያን የፍቅርና የውበት አምላክ የሚሏት የቬኑስ ራስ ተቀርጿል፤ ስሟም በሰም ላይ ሲታተም ቀና ብሎ እንዲነበብ ተገልብጦ ተጽፏል። በቀለበቱ ዙሪያ ግን፣ ሳይገለበጥ፣ «ሴኒኪያኔ ቪቫስ ኢን ዴ» ይላል፤ «ሴኒኪያኖስ ሆይ፣ በእግ… ሕያው ሁን» እንደ ማለት ነው። ቀራጩ «ኢን» የሚለውን ሲጽፍ አንዱን ፊደል ሳያውቅ ደገመውና፣ ቦታ ሲያጥረው የ«ዴኦ» መጨረሻ ሳይጻፍ ቀረ። የእግዚአብሔር ስም በወርቁ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ይህ ስሕተት እንደ ነውር ሊቆጠር አይገባም ባይ ነኝ፤ አባባሉ ከትልቅ ሊቅ እጅ ሳይሆን ከተራ አንጥረኛ መዶሻና መቅረጫ እንደ ወጣ፣ ሰዎችም እንደዚያው አድርገውት እንደ ኖሩ የሚመሰክር ነውና ልቤን ይነካኛል።

ከዚህ ቀለበት ጋር የሚያያዝ ሌላ ጽሑፍ አለ። በምዕራብ እንግሊዝ ሊድኒ በሚገኘው የኖደንስ የተባለ ጣዖት መቅደስ ፍርስራሽ ውስጥ የወጣ አንድ የእርሳስ ሰሌዳ፣ ሲልቪያኖስ የተባለ ሰው ቀለበት ጠፍቶበት የዋጋውን እኩሌታ ለኖደንስ እንደ ተሳለ ይናገራል፤ ቀለበቱንም ወደ መቅደሱ እስኪያመጣ ድረስ ሴኒኪያኖስ የሚል ስም ካላቸው መካከል ለማንም ጤና እንዳይሰጥ ይለምናል። ሁለቱ ስፍራዎች ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ ስሙም በብሪታንያ እንግዳ ስላልነበረ ቀለበቱ ያው የጠፋው ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ስለ አንድ ስም የተጻፉ ርግማንና ምርቃት ናቸው። አንዱ «ጤና አይኑረው» ሲል ሌላው «ሕያው ሁን» ይላል።

በአንድ ቀለበት ላይ ቬኑስና የእግዚአብሔር ስም አብረው መገኘታቸው አንባቢን ሊያስደነግጥ ይችላል። ነገር ግን ይህ የሴኒኪያኖስ ብቻ አልነበረም። በ1793 በሮም ከተማ በኤስክዊሊን ኮረብታ ከተገኘው የብር ዕቃ መካከል፣ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የፕሮዬክታ ሣጥን ይገኝበታል። በአራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠራ የሙሽራ ጌጥና ሽቱ ማስቀመጫ ነው። በክዳኑ ላይ ቬኑስ በባሕር ዛጎል ውስጥ ተቀምጣ ጸጉሯን ታሰማምራለች፤ ከታች ደግሞ ፕሮዬክታ ተቀምጣ ልክ እንደ እርስዋ ጸጉሯን ስታበጅ ትታያለች። በሁለቱ መካከል በክዳኑ ጠርዝ ላይ የኪ-ሮ ምልክት ቀድሞ፣ «ሴኩንዴ ኤት ፕሮዬክታ ቪቫቲስ ኢን ክሪስቶ» ተብሎ ተጽፏል። «ሴኩንዶስና ፕሮዬክታ፣ በክርስቶስ ሕያዋን ሁኑ» ማለት ነው። ለሁለት ሰው ስለሆነ «ቪቫስ» ወደ «ቪቫቲስ» በዝቷል። የሠርግ ምርቃት መሆኑ አያጠራጥርም። ምስሉ ለውበትና ለጋብቻ ከቀድሞ የወረሱት ልማድ ሲሆን፣ ቃሉ ግን ተለውጧል፤ በእነዚህ ቤቶች እምነት ከምስል አስቀድሞ በምርቃት ቃል እንደ ገባ ሣጥኑን ያየ ሁሉ ይረዳል።

በእንግሊዝ ኖርፎክ ብራንካስተር በተባለ የሮማውያን ምሽግ የተገኘው የወርቅ ቀለበት ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ራሶች አሉ፤ ጽሑፉ ግን በነጠላ «ቪቫስ ኢን ዴኦ» ይላል። ባልና ሚስት ከሆኑ ምርቃቱ ለማንኛቸው ነው? እኔ እንደሚመስለኝ አንዱ ለሌላው የሚናገረው ነው፤ ቀለበቱን ያደረገው ሰው በየዕለቱ ሲያየው ከሌላኛው አፍ የሚሰማው ቃል ነው። በኬንት ሪችቦሮው ከተገኘው ቀለበት ላይ ደግሞ «ዩስቲኔ ቪቫስ ኢን ዴኦ» ተጽፎ፣ ዩስቲኖስ የተባለ ሰው በስሙ ተጠርቶበታል።

ይኸው አባባል በሮም ከተማ ከመሬት በታች በተቆፈሩት መቃብሮችም ግድግዳ ላይ ይነበባል። በእነዚያ መተላለፊያዎች ሙታን በግንቡ ውስጥ በተቦረቦረ ስፍራ ይቀበሩና ፊቱ በጡብ ወይም በእብነ በረድ ይዘጋ ነበር። ጡቡ የተመረገበት ኖራ ገና እርጥብ ሳለ፣ ቤተ ሰቡ «ፒኤ ዜሴስ» የተጻፈበትን፣ የወርቅ ቅጠል በሁለት መስታወት መካከል የተጣበቀበትን የጽዋ ግርጌ እየጫኑ ያጣብቁበት ነበር። አጠገቡም በጣት ወይም በስለት፣ ለተኛው ሰው በስሙ «ቪቫስ ኢን ዴኦ» ይጽፉለታል። በማዕድ ላይ ለሕያው ሰው ይባል የነበረው ቃል፣ አንድም ፊደል ሳይለወጥ፣ ለሞተ ሰው ተባለ።