ስለ «ነትክራከር» የሥዕል መጽሐፎች የሚነገሩ ስህተቶች

የፈረንጅ ገና ሲቃረብ በተለይ አሜሪካ ያሉ የመጽሐፍ ሱቆች በነትክራከር የሥዕል መጽሐፎች ይሞላሉ። ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ፦ በገና ዋዜማ አንዲት ልጅ ከስጦታዎቹ መሀል ዋልነት የሚባለውን ጠንካራ ፍሬ የሚሰብር የእንጨት ሰውዬ (ነትክራከር) ታገኛለች። ሌሊት ነፍስ ይዘራና ከአይጦች ንጉሥ ጋር ይዋጋል።

«ታሪኩ የቻይኮቭስኪ ነው»

የሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ የቻይኮቭስኪ ድርሻ የባሌቱ (በጭፈራ የሚተረክ የመድረክ ትርኢት) ሙዚቃ ነው። ታሪኩን በ1816 እ.ኤ.አ. የጻፈው ጀርመናዊው ሆፍማን ነው። በ1844 ፈረንሳዊው አሌክሳንደር ዱማ በራሱ መንገድ እንደገና ተረከው፤ በ1892 ሴንት ፒተርስበርግ መድረክ ላይ የወጣው ባሌትም የዱማን ትረካ ነው የተከተለው። ስለዚህ ባሌቱን ብቻ የሚከተል መጽሐፍ ከዋናው ታሪክ በጣም ርቋል።

«ልጅቷ ክላራ ነች፣ ማሪ የሚለው መጽሐፍ ተሳስቷል»

አልተሳሳተም። ሆፍማን ጋ ልጅቷ ማሪ ነች፣ ክላራ የአሻንጉሊቷ ስም ነው።

«ለስላሳ የሕፃን ተረት ነው»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ነገር የሚቀርብን። የሆፍማን የአይጥ ንጉሥ ሰባት ራስ አለው። ሌሊት እየመጣ «ጣፋጭሽን ካልሰጠሽኝ ነትክራከርሽን እቆራርጠዋለሁ» እያለ ያስፈራራታል፣ እሷም የምትወደውን ሁሉ አንድ በአንድ ትሰጠዋለች። በውጊያው ሌሊት ደግሞ የቁም ሳጥኑ መስታወት ክንዷን ቆርጧት፣ ደም ፈስሷት አልጋ ላይ ውላለች። ከሁሉም በላይ ግን በታሪኩ ውስጥ ሌላ ታሪክ አለ፦ የአይጦች ንግሥት ልዕልት ፒርሊፓትን መልከ ጥፉ ታደርጋታለች፤ አንድ ወጣት ማንም ያልሰበረውን ፍሬ ሰብሮ ያድናትና እርግማኑ ወደ እሱ ይዞራል። ልዕልቲቱም አስቀያሚ ሆነ ብላ ታባርረዋለች! ነትክራከሩ ያ ወጣት ነው። ማሪ «እኔ ብሆን አልንቅህም ነበር» ማለቷ ትርጉም የሚኖረው ይህን ካነበብን ብቻ ነው። ባሌቱ ውስጥ የለም፣ ከአብዛኞቹ የሥዕል መጽሐፎችም ተቆርጧል፤ በጣም ያሳዝነኛል። በ1984 የወጣው፣ ሞሪስ ሴንዳክ ሥዕሎቹን የሠራበት መጽሐፍ ግን የሆፍማንን ሙሉ ታሪክ ይዟል።

«በመጨረሻ ሕልም ነበር»

ሕልም ነው የሚሉት ወላጆቿ ናቸው። ማሪ ግን የንጉሡን ሰባት ዘውዶች በእጇ ይዛለች፣ ወጣቱም ኋላ ራሱ በሩ ላይ ይመጣል።

ስትገዙ ፒርሊፓት ያለችበት ገጽ መኖሩን ተመልከቱ። ለትንንሾቹ የባሌቱ አጭር ትረካ ይበቃል፤ ራሱን ችሎ ለሚያነብ ልጅ ግን ሙሉውን ስጡት።