የተራራ ሸርተቴ ከቤዛዊት ኮረብታ ሲታሰብ

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ብስክሌት የሚወደድባትም ለዚህ ነው። ቁልቁለት ያማረው ሰው ዓባይን ቁልቁል ወደሚያሳየው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይወጣል። ከሳንቃና ከኩሽኔታ በተሠራች ጋሪ ዳገት የወረደ ልጅ የተራራ ሸርተቴን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሚጎትተው የገዛ ክብደቱ ነው፤ ፍሬኑም እግሩ።

የተራራ ሸርተቴ ሰው ተቀምጦ ተራራ የሚወርድበት መዝናኛ ነው፤ ቁልቁል ሲወርድ ሞተር የለውም። ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው አልፓይን ስላይድ የሚባለው ክፍት ቦይ ሲሆን፣ ከኮንክሪት፣ ከፋይበርግላስ ወይም ከማይዝግ ብረት ተሠርቶ ዳገቱ ላይ ይነጠፋል። ተሳፋሪው ትንሽ ተንሸራታች ላይ ይቀመጣል፤ በእግሮቹ መካከል ያለውን ዘንግ ወደ ፊት ሲገፋ ይፈጥናል፣ ወደ ኋላ ሲስብ ይቆማል። ሁለተኛው ማውንቴን ኮስተር ነው። ወንበሩ በብረት ቱቦ ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ ጎማዎቹ ሐዲዱን ከላይም ከታችም ስለሚይዙት አይወጣም። የጀርመኑ ቪጋንድ ኩባንያ ይህን ዓይነት በብዙ አገር ተክሏል። በአንዶራ የሚገኘው ቶቦትሮንክ 5.3 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ 400 ሜትር ያህልም ቁልቁል ይወርዳል።

ከሌሎች የመዝናኛ ባቡሮች የሚለየውና እኔም ከሁሉ የምወድለት ፍጥነቱን የሚወስነው ተሳፋሪው መሆኑ ነው። ሰበቃ ባይኖር 10 ሜትር ብቻ የወረደ አካል በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥን ነበር። በሐዲዱ ዓይነት ላይ ግን የወንበሩ የራሱ ፍሬን ፍጥነቱን በአብዛኛው 40 አካባቢ ይገታል። ፈሪ ሰው በዝግታ ይወርዳል፤ ደፋሩ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ይገፋል። ሁለቱም በአንድ መንገድ ወርደው የተለያየ ነገር ያወራሉ።

ክፍት ቦዩ ግን ይቅር አይልም። ጥምዝ ላይ የፈጠነ ሰው ከቦዩ ሊወጣ ይችላል፤ የተጋለጠ ክርንና ጉልበት ይላጣል። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ አክሽን ፓርክ በ1980 እ.ኤ.አ. አንድ ሠራተኛ ከእንዲህ ዓይነቱ ሸርተቴ ተወርውሮ ሕይወቱ አልፏል። በሁለቱም ዓይነት ከኋላ የሚመጣ ሰው የፊተኛውን እንዳይገጭ ርቀት መጠበቅ ግዴታ ነው።

ዝናብ ሌላው ፈተና ነው። ቦዩ ሲረጥብ ፍሬኑ ስለማይዝ ይዘጋል፤ ሐዲዱ ግን በዝናብም ሊሠራ ይችላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጣና ላይ የሚወርደውን ዝናብ ለሚያውቅ ሰው ምርጫው ግልጽ ነው።

በረዶ የግድ አያስፈልግም። በፖርቱጋሏ የማዴይራ ደሴት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ሰዎች በሸንበቆ ቅርጫት ተቀምጠው ወደ ፉንሻል ከተማ ይወርዳሉ፤ ሁለት ሰዎች ከኋላ ሆነው በጫማቸው ጎማ ይመሩታል፣ ያቆሙታልም። በቻይናም የሙቲያንዩን ታላቅ ግንብ የጎበኘ ሰው በሸርተቴ መውረድ ይችላል።

ቤዛዊት ከአልፕስ ተራሮች ጋር በቁመት አትወዳደርም። የቱቦ ሐዲድ ግን በምሰሶ ላይ ስለሚቆም መሬቱን ብዙ አይቆፍርም፤ እየተጠማዘዘ ስለሚወርድም ዝቅ ካለ ኮረብታ ረጅም መንገድ ያወጣል። እዚህ ቢተከል የመጨረሻው ጥምዝ ወደ ዓባይ ቢዞር እመርጣለሁ።