«ዙም ይከፈት?» ስለምትለው ጥያቄ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የስብሰባ ሊንክ ስትነኩ ብሮውዘሩ «ይህ ገጽ ዙምን ሊከፍት ነው፤ ይፈቀድ?» ይላል። ይህቺን ጥያቄ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ይረዳታል።

«ድረ ገጹ ኮምፒውተሬ ውስጥ ገብቶ ነው የሚከፍተው።»

አይገባም። ዙም ሲጫን ለዊንዶውስ ወይም ለማክ «እንዲህ ባለ ቃል የሚጀምር አድራሻ ሲመጣ እኔን ጥሩ» ብሎ ይመዘገባል። ብሮውዘሩ አድራሻውን ያቀብላል፤ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ገጹ ፋይላችሁን አያይም። ዙም ይኑራችሁ አይኑራችሁ እንኳ በእርግጠኝነት አያውቅም። «ካልተከፈተ እዚህ አውርዱ» የሚል ጽሑፍ አብሮ የሚመጣው ለዚህ ነው።

«ጥያቄዋ ጊዜ ከማባከን ውጭ ጥቅም የላትም።»

እዚህ ላይ አጥብቄ እከራከራለሁ። ዙም ራሱ አንድ ጊዜ እንዲህ አስቦ ነበር። የሳፋሪን (የአፕልን ብሮውዘር) ጥያቄ ለማስቀረት ሲል በማክ ኮምፒውተሮች ላይ ትንሽ ሰርቨር (ከጀርባ ሆኖ የድረ ገጾችን ጥሪ የሚቀበል ፕሮግራም) ደብቆ ይጭን ነበር። በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. አንድ የደህንነት ተመራማሪ ጉዳዩን ይፋ አወጣው። ማንኛውም ድረ ገጽ ሰውን ሳይጠይቅ ስብሰባ ውስጥ ሊያስገባው ይችል ነበር፤ ያውም ካሜራው በርቶ! ሰርቨሩ ዙም ከጠፋ በኋላም ይቀር ነበር፤ ዙምንም መልሶ ሊጭነው ይችል ነበር። በመጨረሻ አፕል ራሱ በዝምታ በላከው አፕዴት አስወገደው። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው አንዲት ክሊክ ለመቆጠብ ነው።

«የሚከፈተው የታወቀ ፕሮግራም ከሆነ ችግር የለም።»

በ2022 እ.ኤ.አ. አጥቂዎች የተጠቀሙት የዊንዶውስን የራሱን የችግር መመርመሪያ ነበር። ተንኮል ያለበት የወርድ ሰነድ በእንዲህ ዓይነት አድራሻ ይጠራውና የፈለጉትን ትእዛዝ ያስፈጽሙበታል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የደፈነው በሰኔ ወር ነው። ስለዚህ የፕሮግራሙን ስም ብቻ አትዩ፤ ማን እንደጠራውም እዩ። ስብሰባ ሳይኖራችሁ ጥያቄዋ ከመጣች «ሰርዝ» በሉ።

«አዲስ ጃቫ ብጭን የድሮው የቢሮ ሲስተም ይከፈትልኛል።»

እንዲያውም ይብሳል። ጃቫ አንዳንድ ፕሮግራሞች ለመሥራት የሚያስፈልጋቸው ሶፍትዌር ነው፤ እንደ ዙም ሊንክ ሁሉ ከድረ ገጽ ፕሮግራም የሚያስነሳው ክፍሉ፣ ጃቫ ዌብ ስታርት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው ጃቫ 11 ጀምሮ የለም። ያላችሁ ምርጫ ጃቫ 8 ወይም ኦፕንዌብስታርት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው።