ታይገር ማስክ፦ ከሬስሊንግ መድረክ የመጣው የልጆች አኒሜ

ታይገር ማስክ የነብር ጭምብል አጥልቆ ስለሚፋለም ሬስለር የሚተርክ የጃፓን ሥራ ነው። ኢኪ ካጂዋራ ደረሰው፣ ናኦኪ ጹጂ ሣለው። እ.ኤ.አ. በ1968 በማንጋ (በሥዕል በሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ) ተጀመረ። ከ1969 እስከ 1971 ደግሞ ቶኤይ አኒሜሽን የተባለው ኩባንያ 105 ክፍል ያለው አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) አድርጎ በቴሌቪዥን አሳየው።

በዚያ ዘመን ሬስሊንግ ጃፓኖች ከነቤተሰባቸው የሚያዩት ነገር ነበር። በ1954 ታዋቂው ሬስለር ሪኪዶዛን ግዙፎቹን ሬስለሮች የሻርፕ ወንድማማቾችን ሲገጥም፣ ሰው አደባባይ ላይ በቆመ ቴሌቪዥን ዙሪያ ታጭቆ ነው ያየው። የሪኪዶዛን ተማሪዎች ጃያንት ባባና አንቶኒዮ ኢኖኪ አኒሜው ውስጥ በራሳቸው ስም ይፋለማሉ። ስለዚህ ልጆቹ ታሪኩን እንደ ተረት ብቻ አላዩትም።

ታሪኩ ግን ለልጅ ይከብዳል። በኋላ ታይገር ማስክ የሚሆነው ናኦቶ ዳቴ ወላጅ የሌለው ልጅ ነው። "የነብር ዋሻ" የሚባል ድብቅ ድርጅት ይወስደውና በጭካኔ ያሠለጥነዋል። ሥልጠናው ላይ የሚሞቱ ልጆች አሉ። የተረፈው ሕግ አፍርሶ፣ ደም አፍስሶ የሚያሸንፍ ሬስለር ይሆናል። ከሚያገኘው ገንዘብም ግማሹን ለድርጅቱ ይከፍላል። ናኦቶ ግን ገንዘቡን ላደገበት የሕፃናት ማሳደጊያ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ገዳዮች በላይ በላዩ ይላኩበታል።

እኔን በጣም የሚነካኝ ኬንታ የሚባለው ልጅ ነው። ኬንታ የሚያድገው እዚያው ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ታይገር ማስክን በጣም ይወደዋል፤ ሲያድግ እንደ እሱ ክፉ ተፋላሚ መሆን ይፈልጋል። ናኦቶ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ከዚያ ወዲህ በንጹሕ መንገድ ለመፋለም ይወስናል። የሬስሊንግ ጥበብ ያለው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። መድረኩ ላይ ደጉና ክፉው ለይቶላቸው ይወጣሉ፤ ሕዝቡም አንዱን ያጨበጭብለታል፣ ሌላውን ይጮህበታል። አኒሜው ያንን ወስዶ አንድ ሰው ውስጥ አስገባው።

መጨረሻውም አይራራም። በመጨረሻው ፍልሚያ ጭምብሉ ይወልቃል። ናኦቶም የተማረውን ክፋት ሁሉ አውጥቶ ባላጋራውን ይጥላል። የማሳደጊያው ልጆች ይህን ሁሉ በቴሌቪዥን ያያሉ። እሱም ሳይሰናበታቸው ከጃፓን ይወጣል። ማንጋው ላይ ደግሞ አንድ ልጅ ከመኪና ሲያድን ይሞታል፤ ነፍሱ ሳትወጣ ጭምብሉን ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል፤ ማንነቱን ማንም እንዳያውቅ። ልጆችን እንዲህ ማስለቀስ ተገቢ ነው ወይ የሚል ወላጅ አይጠፋም። እኔ ግን ልጅን የሚያከብር ሥራ እንዲህ ያለው ይመስለኛል። ደግነት ዋጋ እንደሚያስከፍል አልደበቀም።

ሚያዝያ 1981 ላይ ሳቶሩ ሳያማ የሚባል እውነተኛ ሬስለር ያንኑ ጭምብል አጥልቆ ቶኪዮ ውስጥ ዳይናማይት ኪድ ከሚባል ሬስለር ጋር ተፋለመ። የተሣለው ሬስለር እውነተኛ መድረክ ላይ ወጣ። በ2010 የገና ዕለት ደግሞ ማኤባሺ ከተማ ለሚገኝ የሕፃናት ድጋፍ ተቋም 10 የትምህርት ቤት ቦርሳዎች በር ላይ ተቀመጡለት። የሰጪው ስም "ናኦቶ ዳቴ" ይላል። ወሬው ሲሰማ በሌሎች የጃፓን ከተሞችም በዚሁ ስም ስጦታ ይጎርፍ ጀመር።